የዓባይ ሙላትና የግብፅ ሰዎች ኑሮ

ተማሪዎች! ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ስታነቡ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙትን ቃላትና ሐረጎች ልብ በሉ።

በግብፅ ዝናም እምብዛም አይጥልም። ሆኖም በክረምት በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የሚዘንበው ዝናም ዓባይንና ተከዜን አሙልቶ ወደ ሰሜን ስለሚወርድ፣ የግብፅ ገበሬ በሺህ ለሚቈጠሩ ዓመታት ከሩቅ በመጣ ውሃ እህል ሲያመርት ኖሯል። ወንዙ በየዓመቱ ከዳርቻው ወጥቶ በማሳው ላይ ይተኛል፤ ሲመለስም ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን «ጥቁር ምድር» ብለው መጥራታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን ሙላቱ ሁልጊዜ እኩል አልነበረም። ቢያንስ ረኀብ ይመጣል፤ ቢበዛ መንደርና ከብት ይወሰዳል። ስለዚህ ውሃውን መለካት ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ861 ዓ.ም. በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት የተሠራው መለኪያ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ይኸውም በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ የቆመ፣ በክንድ የተከፋፈለ የድንጋይ ዓምድ ነው። ልማዱም ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ሙሉ የመሬት ግብር ማስከፈል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ፤ ገና ዘሩ መሬት ሳይነካ የገበሬው ዕዳ ከዓምዱ ላይ ይነበብ ነበር ማለት ነው። ነጋዴውም ቍጥሩን ይጠባበቃል፤ ውሃው የዘገየ እንደ ሆነ እህሉን ይደብቃል፤ ዋጋውም ይንራል። በዚህም ምክንያት በ10ኛው መቶ ዓመት ኸሊፋ አል ሙዒዝ፣ 16 ክንድ ሳይሞላ የውሃው ልክ ለሕዝብ እንዳይነገር ከለከለ። ትእዛዙ ሸማቹን ከድንጋጤ አድኖት ይሆናል፤ ገበሬው ግን የገዛ ወንዙን ልክ እንዳያውቅ ተደረገ።

የዘመን አቈጣጠርም ከሙላቱ ጋር የተያያዘ ነበር። ጥንታውያኑ ዓመቱን ሙላት፣ ዘርና መከር ብለው በ3 ወቅት ከፈሉት። እያንዳንዱ ወቅት 4 ወር፣ እያንዳንዱም ወር 30 ቀን ነበረው፤ የተረፉትን 5 ቀኖች በመጨረሻ ጨመሩ። ይህ አቈጣጠር ኋላ በእስክንድርያ ተሻሽሎ ወደ እኛም ደርሷል። «ጳጕሜን» የሚለው ስም የመጣው «ተጨማሪ» የሚል ትርጕም ካለው የግሪክ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. የአስዋን ታላቅ ግድብ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ሙላቱ የግብፅን ማሳ አያለብስም። ደለሉም ከግድቡ ኋላ ስለሚቀር ገበሬው ማዳበሪያ ይገዛል። የሮዳው ዓምድም የሚለካው ሙላት የለውም።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙትን ቃላትና ሐረጎች አውጥታችሁ ጻፉ።

2. «ውሃው ስለ ዘገየ ነጋዴው እህሉን ደበቀ» የሚለውን «በዚህም የተነሣ» በሚለው ሐረግ በማያያዝ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉ።

3. የኸሊፋው ክልከላ ተገቢ ነበር ትላላችሁ? አሳባችሁን ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።