ኦክስጅንና የጨረር ሕክምና፤ ባለትዳሮች ሊያውቁት የሚገባ



የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛነት የሚጠቀስ ነው። ብዙዎቹ እናቶች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አይበቃቸውም፤ የጨረር ሕክምና ይታዘዝላቸዋል። የጨረር ቀጠሮ ይዘው ሲሄዱ «መጀመሪያ ደም ይሰጥሽ» የሚባሉም አሉ። ይህን ጊዜ ባልና ሚስት ግራ ይጋባሉ። «ለካንሰር ደም ምን ያደርጋል? ከዚያ ይልቅ ኦክስጅን ብትወስድ አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደሙም የሚሰጠው በአብዛኛው ስለ ኦክስጅን ሲባል ነውና። ነገሩን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ጨረር ካንሰርን እንዴት ይገድላል?

ጨረር በካንሰር ሴል ውስጥ ሲያልፍ የሴሉን ዘር ተሸካሚ ክፍል ይሰባብራል። ሴሉ ግን የተሰበረውን መልሶ የመጠገን ችሎታ አለው። በአካባቢው በቂ ኦክስጅን ሲኖር ኦክስጅኑ ከተሰበረው ክፍል ጋር ይጣበቅና ጉዳቱ የማይጠገን እንዲሆን ያደርገዋል፤ ሴሉም ይሞታል። ኦክስጅን ያጣ ሴል ግን ጨረሩን ይቋቋማል። በቤተ ሙከራ እንደተረጋገጠው፣ ኦክስጅን የሌለውን ሴል ለመግደል ኦክስጅን ላለው ከሚበቃው ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጨረር ያስፈልጋል።

ይህን ጉዳይ በሰፊው ያጠኑት እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ዋናው ጽሑፋቸው የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የጨረር መጠን የሚለካበት «ግሬይ» የተባለው መለኪያ በስማቸው የተሰየመ ነው።

ዕጢ ኦክስጅን የሚያጣው ለምንድን ነው?

ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሴሎች የሚደርሰው በጣም አጭር ርቀት ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ አያልፍም። የካንሰር ዕጢ ደግሞ በፍጥነትና በተዘበራረቀ ሁኔታ ስለሚያድግ የደም ሥሮቹ አይበቁትም። ስለዚህ በመካከሉ ኦክስጅን ያልደረሳቸው ሴሎች ይኖራሉ። የማኅፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት በየጊዜው ስለምትደማ ደሟ ያንሳል፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ሲቀንስ ወደ ዕጢው የሚደርሰው ኦክስጅን ይብሱን ይቀንሳል። በሕክምናው ወቅት ደም ያነሳቸው ሴቶች የሕክምና ውጤታቸው ደካማ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል። ብዙ የጨረር ሐኪሞች ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ10 ግራም በታች እንዳይወርድ የሚጥሩት በዚህ ምክንያት ነው። መድማቱን ማቆምና ደም መተካት በሽታውን አያባብስም፤ ለሕክምናው መንገድ ይጠርጋል።

ታዲያ ከሲሊንደር ኦክስጅን መውሰድ አይበቃም?

አይበቃም። ሳንባዋ ጤናማ የሆነች ሴት ተራውን አየር ስትተነፍስ ሄሞግሎቢኗ ከ95 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይሞላል። ችግሩ የጭነቱ ማነስ ሳይሆን የጫኚዎቹ ማነስ ነው። ለዚህም ነው በአፍንጫ የሚሰጥ ኦክስጅን ብቻውን ለውጥ የማያመጣው። ገንዘብ አውጥቶ ሲሊንደር ቤት ማስገባት፣ ያውም ከሰልና ሻማ በሚነድበት ቤት፣ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ከተራው አየር በላይ በሆነ ግፊት ኦክስጅን የሚሰጥበት ዝግ ክፍልም አለ። በዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ በደሙ ውኃማ ክፍል ጭምር ይሟሟል። በለንደን የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን ከጨረር ጋር አጣምረው የሞከሩት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች በአንዳንዶቹ ጥቅም ታይቷል፤ ነገር ግን እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ችግር፣ በጤናማ አካል ላይም የበረታ የጨረር ጉዳት ተከትሏል። ስለዚህ በጨረር ሰዓት የሚሰጥ የተለመደ ሕክምና ሊሆን አልቻለም።

ከጨረር በኋላስ?

ጨረር ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የፊኛንና የአንጀትን ትንንሽ የደም ሥሮች ሊያጠብ ይችላል፤ አካሉ ኦክስጅን ስለሚያጣ ይቆስላል፣ ሽንት ከደም ጋር ይመጣል። በዚህ ጊዜ የግፊት ኦክስጅን ሊረዳ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ በኖርዲክ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይህን ሕክምና ያገኙ የፊኛ ጉዳተኞች ካላገኙት የተሻለ እፎይታ እንዳገኙ አሳይቷል። ለአንጀት ጉዳት ግን ማስረጃው አጥጋቢ አይደለም። መሣሪያው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ደም ያየች ሴትም በቅድሚያ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ በሐኪም መመርመር አለባት።

ባልና ሚስት ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. የደም ምርመራውን ውጤት ጠይቁ፤ ደም ከታዘዘም አትዘግዩ። ዘመድ ወዳጅ ወደ ደም ባንክ ሄዶ ደም እንዲለግስ አስተባብሩ።

2. ምግቡን አስቡበት። ምስር፣ ሥጋ፣ ጉበት፣ ጎመን ይቅረብ፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን ይጨመርበት። ቡናና ሻይ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከምግብ እንዳናገኝ ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር አይጠጡ። የብረት ክኒን በሐኪም ትዕዛዝ ይወሰድ።

3. ቤቱን ከጭስ አድኑ። የሲጋራና የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ በሄሞግሎቢን ላይ ይቀማል። አባወራው የሚያጨስ ከሆነ ይህ ለማቆም ጥሩ ጊዜ ነው፤ ከሰልም በዝግ ክፍል አይንደድ።

4. ቀጠሮ አታቋርጡ። ጨረሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን እየተሰጠ በጠቅላላው በ8 ሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይገባዋል። ሲቋረጥ የተረፉት ሴሎች እንደገና ይራባሉ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ከሌላ ከተማ የምትመጡ ማረፊያ፣ የትራንስፖርት ወጪና ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

5. አትራራቁ። ካንሰሩ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረርም በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ከባሏ ጋር በአንድ አልጋ ልትተኛ፣ ልጆቿን ልታቅፍ ትችላለች። በሕክምናው ጊዜ እርግዝና እንዳይፈጠር ጥንቃቄ ይደረግ። በዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር የወር አበባን ስለሚያቆምና መውለድን ስለሚያስቀር ስለዚህ ጉዳይ ከመጀመራችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ብልት ሊደርቅና ሊጠብ ይችላል፤ ወደ ግንኙነት መቼ መመለስ እንደሚቻልና ምን እንደሚረዳ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ከሁሉም በፊት

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የዚህ ካንሰር መነሻ የሆነውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ሊያደርጉ ይገባል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ደግሞ ቀደም ብለው። ምርመራው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለውጥ ቢገኝ እንኳ ካንሰር ሳይሆን ሊታከም ይችላል።

እናንት እናቶች፣ ከወር አበባ ውጪ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካስተዋላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ኑ። እናንተም አባቶች፣ ሚስቶቻችሁን አብራችሁ አምጡ፤ ጥያቄ ካላችሁም በምክር አገልግሎት ክፍል ጠይቁን።