አሮጌ ቤት ስለ ማደስ

ልጆች ሆይ፥ አሮጌ ነገር ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ ደግሞም አሮጌ ነገር ሁሉ የሚጠበቅ አይደለም። የሚጣለውን ከሚጠበቀው ለመለየት ግን መመርመር ያስፈልጋል። ይህንንም በአንድ ገበሬ ቤት ምሳሌ እንመለከታለን።

ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ያለች ከተማ ናት። ወረዳዋ ባሶ ሊበን ይባላል፤ እስከ ዐባይ ሸለቆም ይደርሳል። በዚያ አገር የገበሬ ቤት ከጥንት ጀምሮ ይሠራ የነበረው ምድሪቱ ከምትሰጠው ነገር ነበር። ቋሚው ከጥድና ከወይራ፥ ማገሩ ከቀጭን ዕንጨት፥ ማሰሪያው ከሐረግ፥ ግድግዳው በጭድ ከተቦካ ጭቃ፥ ክዳኑም ከሰንበሌጥ ነበር።

ከይጁቤ አጠገብ በአንዲት መንደር አንድ ወጣት ገበሬ ነበረ። አባቱ በሞቱ ጊዜ ሁለት በሬዎችና አንድ ትልቅ የሣር ቤት ወረሰ። ቤቱ አያቱ የሠሩት ነበረና ጣራው ዘምሞ፥ ክዳኑ ሳስቶ፥ ግድግዳውም ተቦርቡሮ ነበር። ክረምት በገባ ጊዜ ዝናቡ በእናቱ መኝታ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ወጣቱም እንዲህ አለ፤ «ይህ ቤት ከእንግዲህ ወዲህ አይረባም። ከበሬዎቼ አንዱን ሸጬ ቆርቆሮና ምስማር እገዛለሁ። ከምንጩ አጠገብ ያሉትን ወይራዎች ቆርጬ አዲስ ቤት እሠራለሁ። አሮጌው ፈርሶ ይማገድ።»

እናቱ ይህን ሰምተው እጅግ አዘኑ። ያዘኑትም ስለ ቤቱ አልነበረም፤ ስለ በሬው ነበር። በአንድ በሬ የሚያርስ የለምና። ስለዚህ በጐልማስነታቸው ብዙ ቤት ሠርተው ወደ ነበሩ ወደ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሄደው ነገሩን አጫወቷቸው።

በማግሥቱ ሽማግሌው መጡና፦ «ልጄ፥ ቤቱን ልታፈርሰው ነው ሲሉ ሰማሁ። መርምረኸዋልን?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱም፦ «አባቴ፥ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? መበስበሱን አንቱም ያዩታል» ብሎ መለሰ። ሽማግሌውም፦ «ዐይንህ የሚያየው ጭቃውን ነው፤ ቤቱን የተሸከመው ግን ዕንጨቱ ነው» አሉት።

ከዚህም በኋላ ምሳር አስመጥተው በጀርባው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ መቱ። አንዱ እንደ ደወል ጮኸ፤ ሌላው ግን እንደ እርጥብ አፈር ዝም አለ። «የሚጮኸው ጤነኛ ነው፤ ዝም የሚለው ውስጡ ተበልቷል» ብለው አስተማሩት። ዝም ያለውንም በካራ ጫፍ ወጉት፤ ካራው እንደ እንጀራ ሰርስሮ ገባ። ጤነኛውን በወጉት ጊዜ ግን ካራው ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከሠላሳው ቋሚ የተበላሸው ስምንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጤነኞቹ ሁሉ ጥድና ወይራ ነበሩ፤ እነዚህን ዕንጨቶች ምስጥ በቶሎ አያሸንፋቸውም። የተበላሹት ግን በኋላ ለጥገና የገቡ የባሕር ዛፍ ዕንጨቶች ነበሩ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፥ ለብዙ ሥራም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለጋው ተቆርጦ በመሬት ሲተከል ምስጥ ይበላዋል። የጣራውም ዕንጨት በምድጃው ጢስ ጠቁሮ ነበርና ሽማግሌው፦ «ይህ ጥቁረት ጉድፍ አይምሰልህ፤ ጢስ ነቀዝን ያርቃል» አሉ።

ወጣቱም አፈረ። «ታዲያ ቆርቆሮ ክፉ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌውም፦ «ቆርቆሮ ነውር የለበትም፤ የሚችል ይግዛው። በሬ ሸጦ የሚገዛው ግን ከቤቱ ገብቶ የሚበላውን ያጣል» አሉት።

በጥር ወር ደቦ ተጠራና ቤቱ ተፈታ። ዕንጨቱንም በሦስት ክምር ለዩት። ፍጹም ጤነኛው ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ጫፉ ብቻ የበሰበሰው ተቆርጦ ለአጭር ሥራ ሆነ። ፈጽሞ የበሰበሰው ለማገዶ ተሰጠ። አሮጌው ሰንበሌጥ ለጎመን መደብ ፍግ ሆነ። የግድግዳውም ጭቃ አልተጣለም፤ ተከስክሶ ከቀይ አፈርና ከጤፍ ጭድ ጋራ እንደ ገና ተቦካ። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ግን እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ይይዘዋል። ጭቃውም በደንብ ይዋሐድ ዘንድ ለጥቂት ቀኖች ውኃ እየጠጣ ከረመ፤ ልጆችም በእግራቸው እየረገጡ አቦኩት።

በመጨረሻ በቤቱ መካከል የቆመውን ምሰሶ መቱት፤ እርሱም ግርጌው ዝም አለ። ወጣቱ ግን ምሰሶውን አቅፎ፦ «አባቴ፥ ይህንስ ተዉልኝ። ወላጅ አባቴ ማታ ማታ ይደገፉበት የነበረ ነው» አለ።

ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ በፊት ጤነኛውን በንቀት ልትጥል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የበሰበሰውን በፍቅር ልታስቀር ነው። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። ይህ ምሰሶ ቢወድቅ ጣራውን በእናትህ ላይ ይጥላል። አባትህ ይህን ይወዱ ነበርን?»

ወጣቱ መልስ አጣ። ምሳሩንም ተቀብሎ ምሰሶውን በገዛ እጁ ቆረጠው። ግርጌው ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ፤ የላይኛው ወገን ግን ጽኑ ነበርና ከበሩ በላይ ጉበን አድርገው አኖሩት። ለምሰሶና ለስምንቱ ቋሚዎች የሚሆን ጥድ ከአንድ የፈረሰ ጎረቤት ቤት አገኙ፤ ወጣቱም ዋጋውን በጉልበቱ ከፈለ። ዕንጨት ፈጥኖ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ ከምሰሶው ሥር ጠፍጣፋ ደንጊያ አነጠፉ፤ በቤቱም ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፈሩ። ጣራውን በአዲስ ሰንበሌጥ ከደኑት፤ የደረቀውንም ግድግዳ በእበት ለቀለቁት።

ሐምሌ በገባ ጊዜ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ፤ እናቱም በደረቅ መኝታ ተኙ። ሁለቱ በሬዎች አብረው ተጠመዱ፤ ወይራዎቹም በምንጩ ራስ ላይ ቆመው ቀሩ።

እንዲህ ያለው ጥበብ ለገበሬ ቤት ብቻ የሚሆን አይደለም። ከጎጃም ርቆ በትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በደንጊያና በዕንጨት ተነባብሮ የተሠራ ነው። በእርጅና ስለ ተጎዳ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ታደሰ፤ የአራዊት መልክ የተቀረጸባቸው የጥንት የጣራ ሳንቃዎች ግን ከእድሳቱም በኋላ ተጠብቀው ቆዩ። አዳሾቹ አሮጌ ነው ብለው ሁሉን ቢጥሉ ኖሮ፥ ያን የአባቶች ሥራ ዛሬ ባላወቅነውም ነበር።

እንግዲህ ልጆች፥ እናንተም ከወላጆቻችሁ ብዙ ነገር ትወርሳላችሁ፤ ቤትና መሬት፥ ልማድና ጠባይም። አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ አትናቁት፤ ስለ ወደዳችሁትም ብቻ አታስቀሩት። አስቀድማችሁ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ጥያቄ።

1. እናትየው ስለ በሬው ያዘኑት ስለ ምን ነው?
2. ጤነኛው ዕንጨት ከበሰበሰው በምን ይታወቃል?
3. ጭድ ከጭቃ ጋራ የሚቦካው ለምንድር ነው?
4. ወጣቱ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ስሕተቶቹ ምንና ምን ናቸው?
5. በቤታችሁ ካለው አሮጌ ዕቃ መርምራችሁ ልታድሱት የሚቻላችሁን አንድ ነገር ንገሩ።