የረጋ ዕትም ወይስ የማያቋርጥ እድሳት?

በመንዝ ደጋ፣ በጓሳ ምድር፣ ቄሮ የሚባል ነባር ሥርዓት ነበር። ሣሩ እንደ ዕድገቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተከልክሎ ይቆያል፤ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ይጋጣል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቀርም፣ «መቼ እንዝጋ? መቼስ እንክፈት?» የሚለው ጥያቄ በኮምፒውተር ሳይንስም ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሶፍትዌር አንጻር እንመለከታለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ መንገዶች

የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የተገነባው በሺህ ከሚቆጠሩ ፓኬጆች፣ ማለትም ለየብቻ ከሚጫኑ የፕሮግራም ጥቅሎች ነው። አንዱ ፓኬጅ በሌላው ላይ ስለሚደገፍ አንዱን መለወጥ ሌላውን ሊያናጋ ይችላል። ስለሆነም የዴቢያን አዘጋጆች በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ ነገር መቀበል አቁመው ጉድለቶችን ያርማሉ፤ ከዚያም የረጋ ዕትም ያወጣሉ። በ2002 የተጀመረው አርክ ሊኑክስ ግን እንዲህ ያለ ዕትም የለውም፤ ፓኬጆቹ በተሻሻሉ ቁጥር ወዲያው ለተጠቃሚው ይቀርባሉ።

መዘግየት ሲጠቅም፣ መዘግየት ሲጎዳ

በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ አዳዲስ ቅጂዎች ውስጥ ለሰርጎ ገቦች የሚከፈት ስውር በር ተሸሸገ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ምክንያቱን መረመረና ማርች 29 ቀን ይፋ አደረገው። የተበከለው ቅጂ በዴቢያን የሙከራ ዘርፎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ወደ ረጋው ዕትም፣ ወደ ዴቢያን 12 ግን አልደረሰም።

በተቃራኒው፣ ማይክሮሶፍት በማርች 2017 ለዊንዶውስ አንድ የደኅንነት ጥገና አውጥቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ጥገናውን ያልጫኑትን ኮምፒውተሮች እያጠቃ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተዛመተ።

የፊደላችን ምሳሌ

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በሴፕቴምበር 2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ደግሞ ለጉራጊኛ ጽሕፈት የሚያገለግሉ 28 ፊደላትን ጨመረ። ዴቢያን 11 ግን ከአንድ ወር ቀደም ብሎ በኦገስት ወጥቶ ነበር። ፊደላቱን የያዘ የፊደል ቅርጽ በሌለው ኮምፒውተር ላይ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሣጥን ይታያል። ለጉራጊኛ ተማሪ መርጋት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

እንዴት እናመዛዝን?

ማሻሻያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዴቢያን የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ አዲሱን ቅጂ በሙሉ አያስገባም፤ ጥገናውን ብቻ ወስዶ በነባሩ ቅጂ ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ «የረጋ» ማለት «የማይነካ» ማለት አይደለም። የፊደል ቅርጽም ሌሎች ፕሮግራሞችን ሳያናጋ ለብቻው ሊጨመር ይችላል። የዋናው ሥርዓት አዲስ ዕትም ግን በቅድሚያ ሊፈተሽ ይገባዋል።

ኢንተርኔት በማይዘልቅበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በመሐል ሜዳ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል እናዘጋጅ እንበል። መሠረቱን የረጋ ዕትም እናድርግ። የደኅንነት ጥገናዎችን በአንድ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ አውርደን ለሌሎቹ እናከፋፍል። አዲስ ዕትም ሲወጣ በመጀመሪያ በአንዱ ላይ እንሞክር። ጥገና የሚቆምበትን ቀንም በግድግዳ ላይ እንለጥፍ፤ ለአንድ የዴቢያን ዕትም የሚሰጠው ጥገና የተራዘመው ጊዜ ተጨምሮ አምስት ዓመት ያህል ነውና፣ ከዚያ በኋላ ዕትሙን ይዞ መቆየት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

የመለማመጃ ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተሮች ላይ ካሉት ፕሮግራሞች ወዲያው መታደስ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? ፈተና እስኪያልፍ ሊቆዩ የሚችሉትስ? ምክንያታችሁን ዘርዝሩ።