አያቴን ሳልቀብር ቀረሁ

ጥያቄ፦ አያቴ ዳንግላ ሲያርፉ እኔ አዲስ አበባ ስለነበርኩ ለቀብራቸው አልደረስኩም። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ሠልስቱ ቢያመልጥዎም አርባቸው ካላለፈ ይደርሱበታል። ቀኑ የሚቆጠረው ካረፉበት ዕለት ነውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ያረጋግጡ። ለተዝካር ድግስ ብለው ግን አይበደሩ፤ ለነፍሳቸው ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው ይበልጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ታሪካቸው ነው። ፈረሰኛ ከነበሩ፣ ጥር 23 በጊዮርጊስ ዕለት በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል አብረዋቸው የጋለቡ ሽማግሌዎች ካሉ ፈልገው ያነጋግሯቸው። አክስቶችዎ ስለ አባታቸው በአገውኛ ሲያወሩም በስልክዎ ይቅረጹ። በአርባው ዕለት ሁሉም በሥራ ተጠምዶ ስለሚውል ለዚህ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሁለት ቀን ቀድመው ዳንግላ ይግቡ፤ ወንድም እህቶችዎንም ይዘው ይሂዱ።