«ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» የሚል ፕሮግራም

በር ሲንኳኳ እናቶቻችን «ማነው?» ይላሉ። ከውጭ «እኔ ነኝ» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ በሩ አይከፈትም፤ «አንተ ማን?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል። እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ዘንድሮ የተማርነው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለቤተ መጻሕፍታችን የውሰት መዝገብ ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች ጽፈን ነበር። አንደኛው መዝገቡን ያነባል፣ ሁለተኛው በፊደል ተራ ያስቀምጣል፣ ሦስተኛው መጽሐፍ ያልመለሱትን ተማሪዎች ስም ያወጣል። ሦስቱን በአንድ ትእዛዝ አያይዘን ስናስኬዳቸው ዝርዝሩ ባዶ ሆነ፤ ስክሪኑ ላይ የታየው «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ብቻ ነበር። የትኛው ፕሮግራም ተናገረ? የትኛውን ፋይል ፈልጎ አጣ? አላወቅንም። ሳናጣራ ሦስተኛውን የጻፈችውን፣ በዕድሜ ከሁላችንም የምታንሰውን እህታችንን ወቀስን። ከሁለት ቀን በኋላ ስህተቱ እኛ በጻፍነው በአንደኛው ፕሮግራም ውስጥ ተገኘ። የፋይሉን ስም አሳስተን ጽፈን ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅናት።

ችግሩ በእኛ አልተጀመረም። የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው «ፓይፕ» እ.ኤ.አ. በ1973 በቤል ላብስ ወደ ዩኒክስ ከገባ ወዲህ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ስክሪን ላይ ይናገራሉ። ስለዚህ በዩኒክስ የቆየ ልማድ አለ፤ መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎ ፋይሉ፣ በመጨረሻ ምክንያቱ ይጻፋል። የእኛም መልእክት እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«አንባቢ: መዝገብ: ፋይሉ አልተገኘም»

ሦስት ነገሮችን እንጨምር።

1. የስህተት መልእክት ለስህተት ብቻ በተለየው መንገድ፣ በስታንዳርድ ኤረር በኩል ይውጣ። ከውጤቱ ጋር ከተቀላቀለ ቀጣዩ ፕሮግራም መልእክቱን እንደ አንድ ተማሪ ስም ሊቆጥረው ይችላል።

2. ስሙን በኮዱ ውስጥ በእጅ ከመጻፍ ፕሮግራሙ የተጠራበትን ስም መውሰድ ይሻላል። ያለዚያ ፋይሉ ስሙ ሲቀየር መልእክቱ በድሮው ስም መናገሩን ይቀጥላል።

3. ከተጠቃሚው ጋር እየተመላለሰ ለሚሠራ ፕሮግራም ግን በየመልእክቱ ስም መጥራት አያስፈልግም። ቤት ያስገባነውን እንግዳ በየንግግሩ «ማነህ?» አንለውም።

አሁን ሦስቱም ፕሮግራሞቻችን ስማቸውን ይናገራሉ። እኛም ስህተት ሲመጣ ሰው ከመውቀሳችን በፊት የመልእክቱን የመጀመሪያ ቃል እናነባለን።