አርማታው ከመሞላቱ በፊት አልጋውን ግፉት

ሆስፒታላችሁ አዲስ የማዋለጃና የኦፕሬሽን ሕንፃ ሊሠራለት ነው እንበል። በጀቱ ተፈቅዷል፣ አማካሪ መሐንዲሱም የመጀመሪያውን ፕላን ይዞ መጥቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የመሐንዲሱ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የምጽፈው ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሜትሮኗና ለኮሚቴው ነው።

ኮሚቴ ሲባል ሥራ አስኪያጅ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ፋይናንስና ግዥ ይሰበሰባሉ። ይሰብሰቡ፤ ግን አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ የጽዳት ኃላፊዋን፣ ስትሬቸር የሚገፋውን፣ የባዮሜዲካል ቴክኒሻኑንና የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛዋን ሳትጨምሩ ስብሰባ አትጥሩ። ሐኪሞች ይዛወራሉ። ፕላኑን ያስለወጠው ስፔሻሊስት ሕንፃው ሲመረቅ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ወለሉን የምታጸዳዋ ግን እዚያው ናት።

ቀጥሎ ልኩን ቁረጡ። በአገራችን የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነው የሚሠራው። ከዚያ የወሊድ መዝገባችሁን ግለጡና ቁጠሩ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» እያላችሁ ክፍል ለክፍል አትዙሩ፤ ሁሉም ቢሮ ነው የሚጠይቃችሁ። ይልቅስ «ትናንት ሌሊት ከየት ወዴት ስትሄዱ አደራችሁ? በእጃችሁስ ምን ነበር?» በሉ።

አሁን ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ደረስን። ፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ አርክቴክቱ ያስረዳል፣ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። በዚያ ፊርማ አትተማመኑ። ፕላን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሃያ ዓመት ያዋለደች ነርስ በቀጭን መስመር የተሣለ በር አይታ አልጋዋ ያልፍ አያልፍ እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለባትም። አለቃ በተቀመጠበት «አልገባኝም» ማለት ደግሞ ይከብዳል። በይሉኝታ የተፈረመ ፕላን ዋጋው የሚታወቀው ግድግዳ ሲፈርስ ነው።

ስለዚህ ወደ ሜዳ ውጡ። ግቢው ውስጥ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ፤ ካስማ ቸክሉ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ ክፍሎቹን በእውነተኛ ልካቸው በኖራ አስምሩ። ሕንፃው ሙሉውን አያስፈልግም፤ ማዋለጃው፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ፣ በመካከላቸው ያለው ኮሪደርና መታጠፊያዎቹ ይበቃሉ። ከዚያ ከዋርድ አልጋ አምጡ፣ ሰው አስተኙበት፣ አንዱ ግሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው የኦክስጅን ሲሊንደሩን ይጎትት፤ እየሮጣችሁ ግፉት። አልጋው ወደ 2 ሜትር ይረዝማል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ 1.2 ሜትር በር አይከብደውም፤ ሲታጠፍ ግን ግርጌው ከኖራው መስመር ይወጣል። ያ ማለት ነገ ግድግዳ ይመታል ማለት ነው። አልጋ ከአልጋ የሚተላለፍበትን ኮሪደር ከ2.4 ሜትር አታሳንሱ። ስትለኩም ከኮለኑ ፊት ለፊት ለኩ እንጂ ከግድግዳው አይሁን፤ በሁለቱም በኩል ልስንና ሴራሚክ የሚበሉትን ቀንሱ፤ ፕላኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ልስን የማያውቅ ቁጥር ነው።

አልጋው ካለፈ በኋላ ሰዎቹን አቁሟቸው። የአንስቴዥያ ባለሙያው በራስጌ ሲቆም ሶኬቱ የት ነው? አዋላጇ ሕፃኑን ተቀብላ ወደ ማሞቂያው ስንት እርምጃ ትሄዳለች? መዝጊያው ሲከፈት ማንን ይመታል? በሩን የሚያክል ካርቶን ቁረጡና ክፈቱት፣ ዝጉት። የጽዳት ሠራተኛዋም ባዶ ባልዲ ትያዝና የእንግዴ ልጁን ይዛ በየት እንደምትወጣ በእግሯ ታሳያችሁ። ይህን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ ወደ እንግዴ ልጅ መቅበሪያው ጉድጓድ የሚያደርሰው ብቸኛ መንገድ ለወላዶች ገንፎ የሚገነፋበትን ማድ ቤት ደጃፍ ታክኮ ነበር የሚያልፈው። ማድ ቤቱ በአንድ ወረቀት፣ ጉድጓዱ በሌላ ወረቀት ላይ ስለተሣሉ ኮሚቴው ሁለቱንም አጽድቋል። ሴትየዋ በየቀኑ ባልዲዋን በነጠላዋ ሸፍና ታልፋለች።

በዚያ ቀን የተገኘው ለውጥ ሁሉ እዚያው በቀይ እስክሪብቶ ፕላኑ ላይ ይግባ፣ አርክቴክቱም ኮሚቴውም ይፈርሙበት፣ ቀን ይጻፍበት። ከዚያ በኋላ በቃ በሉ። አርማታ ከተሞላ በኋላ የሚመጣ ጥሩ ሐሳብ ቫሪዬሽን ይባላል፤ ደስ የሚለውም ኮንትራክተሩን ነው።

ስለ ማሽኖች። ከአቅራቢው የመትከያ ንድፍ ሳይመጣ የማሽን ክፍል አትዝጉ። አውቶክሌቭ ባለሦስት ፌዝ መብራት፣ ውኃና ትኩስ ውኃ የሚችል ፍሳሽ ይፈልጋል፤ የፍሳሹ ቱቦ ስላቡ ከመሞላቱ በፊት ካልተቀመጠ በኋላ ድሪል ነው። የቆሸሸው ዕቃ በአንድ በኩል ይግባ፣ ንጹሑ በሌላ በኩል ይውጣ። ራጅ ክፍል ካለ የግድግዳው ውፍረትና የእርሳስ ልባጡ በጨረር መከላከያ ባለሙያ ይሰላ፤ ጎረቤት ሆስፒታል አይታችሁ አትቅዱ። እኔ በበኩሌ የትልቁን ማሽን ክፍል አንድ የውጭ ግድግዳ፣ መሐሉ ኮለን ሳይገባበት፣ በብሎኬት ብቻ ማስደፈን እወዳለሁ። ማሽኑ ሲመጣ ብሎኬቱ ይነሳል፣ ማሽኑ ይገባል፣ መልሶ ይደፈናል።

አየርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚናፈስ ተራ የሕሙማን ክፍል በአንድ ሕመምተኛ በሰከንድ 60 ሊትር፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ክፍል 160 ሊትር ይላል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል አሠራር ይጠቅማችኋል፦ ኮሪደሩ ከሕንፃው ውጭ ነው፤ አልጋዎቹ መሐል ላይ ጀርባ ለጀርባ ተሰልፈው ሕመምተኛው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ሐኪሞችና አርክቴክቶች ስለ ቲቢ መተላለፍ አብረው ሳይመክሩ እንዲህ ያለ ፕላን አይወጣም። ግን በእኛ ደጋ አስታማሚው ማታ መስኮት ይዘጋል፤ ወላድን ንፋስ ይመታታል ይላል፤ ብትቆጡትም ይዘጋል። ስለዚህ ከመስኮቱ በላይ፣ እጅ የማይደርስበት፣ የማይዘጋ የአየር መግቢያ በሁለቱም ግድግዳዎች ይኑር።

ሊፍት ይገባል ስለተባለ ራምፑን አታሰርዙ። 3.6 ሜትር ከፍታን በ1 ለ12 ተዳፋት ለመውጣት፣ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ፣ 43 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል። ቦታ ካላችሁ ማዋለጃውንና ኦፕሬሽኑን ምድር ላይ አድርጉ፤ ነገሩ ያልቃል።

ርክክቡ ላይ ቧንቧውን ሁሉ ክፈቱ፣ ወለሉ ላይ ውኃ ድፉና ወደ ፍሳሹ መሄዱን እዩ፣ ዋናውን መብራት አጥፉና ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የትኞቹ ሶኬቶች እንደሚሠሩ ቁጠሩ። ጣሪያና አሸንዳ ግን በበጋ አይታወቁም። በብዙ የመንግሥት ግንባታ ውሎች ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ የ1 ዓመት የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ አለ፤ ኮሚቴው በምረቃው ማግስት አይበተን። ከነሐሴ ዝናብ በኋላ ተሰብስቦ የሚያፈሰውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የማይዘጋውን ዘርዝሮ ለአማካሪው ይስጥ። ዝርዝሩ ሳያልቅ የመጨረሻውን ርክክብ አትፈርሙ፤ የተያዘውንም ገንዘብ አትልቀቁ።