ከተክሊሉ በፊት፦ የፅንስን ጤና ስለ መጠበቅ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የተዘጋጀ ትምህርት

በቴፒ ከተማ ለአጥቢያ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በሰጠነው አንድ ሥልጠና ማብቂያ ላይ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ተነሥተው ጥያቄ አቀረቡልን። በነፍስ አባትነት ከሚያገለግሏቸው ቤቶች በአንዱ በተከታታይ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ጀርባቸው ላይ ተመሳሳይ ክፍት ቁስል ነበረባቸው፤ ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ጎረቤት «እርግማን ነው» አለ፤ የባል ዘመዶች ጥፋቱን በሚስቲቱ ላይ ጣሉ፤ እርሷም ንስሐ ልትገባ ወደ እርሳቸው መጣች። «ያልሠራችውን ኃጢአት እንድትናዘዝ ላደርጋት አልቻልሁም፤ የምመልስላት ቃልም አላገኘሁም። ምን ልበላት?» አሉን።

በዕለቱ የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። ይህ ትምህርት ያንኑ መልስ አስፍቶ ያቀርባል፤ የተከበራችሁ አበው ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በየአጥቢያችሁ እንድትወያዩበትም አዘጋጅተነዋል።

፩. እርግማን አይደለም

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን በሰውየውም ሆነ በወላጆቹ ላይ በደልን አላደረገም። ለዚያች እናት የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስም ይኸው ነው።

ሁለተኛው መልስ ፅንስ እንዴት እንደሚሠራ ከማወቅ ይገኛል። ከተፀነሰበት ዕለት ጀምሮ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ በፅንሱ ጀርባ ላይ ያለው ስስ ሕብረ ሕዋስ እንደ ቅጠል ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። የቱቦው የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የቀረው ኅብለ ሰረሰር ይሆናል። የታችኛው ክፍል ሳይገጥም ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ይወለዳል፤ ብዙ ጊዜም እግሮቹ ይዝላሉ፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል። የላይኛው ሳይገጥም ከቀረ ደግሞ አንጎልና የራስ ቅል በሙሉ ስለማይሠሩ ሕፃኑ በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ሐኪሞች ይህን የነርቭ ዘንግ ክፍተት ይሉታል።

ችግሩ በአገራችን ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ሦስት ማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ውልደት 63 ያህሉ ይህ ጉድለት እንደ ነበረባቸው አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ፣ በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ ሌላ ጥናት ቁጥሩን ወደ 131 አድርሶታል። ዱቄት በፎሊክ አሲድ በሚበለጽግባቸው እንደ አሜሪካና ካናዳ ባሉ አገሮች ግን ቁጥሩ ከ10 አይበልጥም።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። የዘር ውርስ፣ የእናት የስኳር ሕመምና አንዳንድ መድኃኒቶች ድርሻ አላቸው። ከሁሉ ይልቅ ልንከላከለው የምንችለው ግን የፎሊክ አሲድ እጥረትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የታወቀውና በ7 አገሮች የተካሄደው ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ፅንስ የነበራቸው ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

፪. ጊዜው ከፅንስ በፊት ነው

28 ቀን አጭር ጊዜ ነው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ መቅረቱን ስታስተውል ከነዚህ ቀናት ግማሽ ያህሉ አልፈዋል። እርግጠኛ ሆና ለባሏ እስክትነግር ቀሪዎቹም ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩ እናቶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ኪኒኑን ሲሰጣት ለደሟና ለቀሪው እርግዝና ቢጠቅማትም፣ የፅንሱን ጀርባ ለመግጠም ግን ዘግይቷል።

ከጤና ጣቢያው አስቀድማ ይህችን ሴት የምታገኛት ቤተ ክርስቲያን ናት። ዕጮኛሞች ለተክሊል ሲዘጋጁ ወደ ካህን ይመጣሉ። ነፍስ አባት ደግሞ ልጅ የሚፈልጉትን ባለትዳሮች፣ ልጅ የሞተባቸውንም፣ በቤታቸው ያውቃቸዋል። የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት ይህ ነው፦ ለፅንስ የሚሰጠው ምክር ከጋብቻው ዝግጅት ጋር ይጀምር።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የሶምሶን እናት ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ፣ ምግቧንም እንድትለይ በመልአክ የታዘዘችው ከመፅነሷ በፊት ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ስለ ናዝራዊነት እንጂ ስለ ሕክምና አለመሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ባሏ ማኑሄ ትእዛዙን ራሱ ሊሰማ ለመነ፤ መልአኩም ለእርሱ ደግሞ ነገረው። እናት ስለ ፅንሷ ስትጠነቀቅ ባልም አብሮ ሊማርና ሊጠነቀቅ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

፫. ሊደረግ የሚገባው

ፎሊክ አሲድ። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ልትወስድ ይገባል፤ ቢቻል ከመፅነሷ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድማ ጀምራ፣ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት። ከዚያም በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ብረትና ፎሊክ አሲድ የያዘ ኪኒን ትቀጥላለች።

ምግብ። በየኪና በአካባቢው ዋነኞቹ ምግቦች ቆጮ፣ ጎደሬ፣ በቆሎና ሙዝ ናቸው። ሆድ ይሞላሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ አቮካዶና ፓፓያ ፎሌት አላቸው። ጎመን ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፎሌቱም አብሮ ይደፋልና በአጭር ጊዜ ይብሰል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ማጽደቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከጓሮው እንሰትና ጎደሬ የሚመገብ ቤተሰብ ይህን ዱቄት እምብዛም ስለማያገኘው ለእኛ አካባቢ ኪኒኑ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጨው። አዮዲን ያጣ ፅንስ የአእምሮ ዕድገቱ ሊጎዳ ይችላል። አዮዲን ያለበት ጨው በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ግዴታ ሆኗል። ማሸጊያው ላይ «አዮዲን ያለው» የሚለው ይታይ፤ በዕቃ ተከድኖ ከእሳትና ከፀሐይ ይራቅ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ጾም። የጾም ምግባችን ጥራጥሬና ጎመን የበዛበት በመሆኑ ለፎሌት ይጠቅማል። ዳሩ ግን ቫይታሚን ቢ12 በእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ስለሚገኝና ነፍሰ ጡር እስከ ቀትር መራብ ስለማይገባት፣ አበው ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ጾሙን ማቅለል እንደሚችሉ አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል። ብዙ እናቶች ፈቃዱን መጠየቅ ያፍራሉ፤ ሳይጠየቁ መስጠት የአባትነት ወግ ነው።

፬. ሊራቅ የሚገባው

መጠጥ። ለፅንስ ጉዳት እንደማያመጣ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም። የሸካ ጫካ ማር የሚጠመቅበት ጠጅ፣ ጠላ፣ ቦርዴና አረቄ ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። በጽዋ ማኅበርና በዝክር ላይ «ለአንቺስ ጠላ ደም ይሆንሻል» እየተባለ ለነፍሰ ጡር መቅዳት ይቅር፤ ለእርሷ ውሃ ወይም ብርዝ ያልፈላ ሳለ ይቅረብላት። ጫትና ትንባሆም እንዲሁ ይራቁ።

ቡና። የምንኖረው በቡና ምድር ነውና ይህን በግልጽ እንናገር፦ ቡና የአካል ጉድለት እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ሆኖም ካፌይን ሲበዛ ፅንስ ከማስወረድና ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ከመወለድ ጋር ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። በቀን ሦስት ጊዜ እየተፈላ ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጣ ሴት ከዚህ ልክ ልታልፍ ትችላለች። ከቡና ቅጠል የሚፈላውም መጠጥ ካፌይን አለው። ቡና ብረትን ስለሚከለክል ከምግብና ከኪኒኑ ጋር አይጠጣ።

መድኃኒት። ኮሶና ሌሎች የሽረት መድኃኒቶች ለነፍሰ ጡር አይሰጡ። የሚጥል ሕመም ያለባት ሴት በተለይ ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለውን የምትወስድ ከሆነ፣ ከመፅነሷ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ ሊለወጥላት ይችላልና። በራሷ ፈቃድ ግን አታቋርጥ። ጠበል የምትጠመቅም ብትሆን መድኃኒቷን እየወሰደች ትጠመቅ።

የአረም መርዝ፣ ጥሬ ሥጋና ወባ። ነፍሰ ጡር በቡና ማሳ መርዝ አትርጭ፤ የተረጨበትን ልብስም አትጠብ። ጥሬ ሥጋ ፅንስን የሚጎዳ ተሕዋስ ሊኖረው ስለሚችል አትብላ። ቴፒ ቆላማ ናትና ሌሊት አጎበር አይለያት። ቂጥኝ በጊዜ ካልታከመ ፅንሱን ስለሚጎዳ ሁለቱም ዕጮኛሞች ይመርመሩ።

የሥጋ ዝምድና። አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ጋብቻን መከልከላቸው ለልጆች ጤናም ጠቅሟል፤ የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት ይበዛልና። ይህ ሥርዓት ሳይላላ ይጠበቅ።

፭. ለዚያች እናት

እንግዲህ እኚያ አባት ለልጃቸው ምን ይበሏት? አስቀድመው «አልበደልሽም» ይበሏት። ቀጥለው ባሏን ጠርተው በዘመዶቹ ፊት ይህንኑ ይንገሩት። ከዚያም ዳግመኛ ሳትፀንስ ወደ ሐኪም ይላኳት። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፅንስ የነበራት ሴት የሚያስፈልጋት ፎሊክ አሲድ ከሌሎች እጅግ የበለጠ፣ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣታል። የተለመደውን የብረት ኪኒን አብዝታ በመዋጥ ይህን መጠን ለመሙላት አትሞክር፤ ብረቱ ይጎዳታል።

ሁሉን ብታደርግም የጤናማ ልጅ ዋስትና ልንሰጣት አንችልም። የብዙ ጉድለቶች መንስኤ ገና አልታወቀም። ምክራችን አደጋውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ «ኪኒኑን ባትተዪ ኖሮ» የሚል ሌላ ክስ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ጀርባው ተከፍቶ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ይሞታል ማለትም አይደለም። ቁስሉ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሕፃኑ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልና በአዲስ አበባ ይሰጣል። ሕፃኑን በቤት መደበቅ ያለውን ዕድል ያጠፋበታል።

፮. የሰበካ ጉባኤው ሥራ

በአካባቢያችን የቡናው ገንዘብ እጅ የሚገባውና ሠርጉ የሚበዛው በተመሳሳይ ወራት ነው። በጥር የሚጋቡ ዕጮኛሞች ጾመ ነቢያት በሚገባበት ኅዳር 15 ቢመከሩ ሁለት ወር ያገኛሉ። ስለዚህ፦

ሀ. ለተክሊልም ሆነ ለሌላ ሥርዓተ ጋብቻ የሚመዘገቡ ሁሉ በኅዳር ወር አንድ ቀን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተገናኝተው ይህን ትምህርት ይማሩ፤ ወንዶቹም ይገኙ።

ለ. ሰበካ ጉባኤው ያልፀነሱ ሴቶች ፎሊክ አሲድ የሚያገኙበትን መንገድ ከጤና ጣቢያው ጋር ይነጋገር። ከመድኃኒት ቤት መግዛት ግድ ከሆነ አቅም ላጡት ከምጽዋቱ ገንዘብ ይታሰብ።

ሐ. እያንዳንዱ ነፍስ አባት ልጅ የሞተባቸውን ወይም ጉድለት ያለበት ልጅ የተወለደባቸውን ቤቶች ይጎብኝ፤ የንስሐን ምሥጢር ጠብቆ ወደ ሐኪም ይምራ።

መ. አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ወደ ጥምቀት፣ ወደ ቅዳሴና ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት እንዲመጡ ሰበካው ያመቻች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት በአጥቢያችን የተጋቡት ስንት ናቸው? ከመካከላቸው ከጋብቻው በፊት ስለ ፅንስ ጤና የተመከሩስ?

2. በማኅበራችንና በዝክራችን ለነፍሰ ጡር እናቶች ምን እናቀርባለን? ምን እንለውጥ?

3. እንደዚያች እናት «እርግማን» የተባለባት ሴት በአጥቢያችን አለች? ወደ ቤቷ ማን ይሂድ?

ከሦስቱ አንዱን እንኳ መልሳችሁ ወደ ሥራ ብትገቡ፣ ቀጣዩን የጥር ሠርግ ሳትጠብቁ ከሦስተኛው ብትጀምሩ መልካም ነው፤ ያቺ እናት ዛሬም እየጠበቀች ሊሆን ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።